የዘር ሐረግን በእንሰት ቃጫ ሠርቶ ግድግዳ ላይ ስለ መስቀል

እናቴ ሀዋሳ ባለው ቤቷ ሳሎን ውስጥ፣ ከመስኮቱ ራቅ ባለው ግድግዳ ላይ፣ አንድ ሜትር ቁመት ያለው ከእንሰት ቃጫ የተሠራ የዘር ሐረግ ሰቅላለች። ግንዱ እናቷና አባቷ፣ ማለትም የእኛ አያቶች ናቸው፤ ቅርንጫፎቹ አምስት ልጆቻቸውንና 15 የልጅ ልጆቻቸውን፣ ሥሮቹ ደግሞ የሁለቱንም ወላጆችና አያቶች ይዘዋል። ዘመድ ሲመጣ ገና ሳይቀመጥ የራሱን ስም ይፈልጋል፤ ካገኘ በኋላ ማን እንደጎደለ መናገር ይጀምራል። እዚህ የማስረዳው አሠራር ከዚያ ሥራ የተገኘ ነው። የእጅ ሥራው ቢበዛ ሁለት ቅዳሜና ሁለት እሑድ ይወስዳል፤ ስም መሰብሰቡ ግን ከወር በላይ ሊፈጅ ስለሚችል፣ ቃጫ ከመግዛት በፊት እርሱን መጀመር ያስፈልጋል።

ስም ለመሰብሰብ የሚነሣ ሰው አስቀድሞ ልብ ሊለው የሚገባ አንድ ነገር አለ። በአገራችን በብዛት በሚሠራበት አጠራር የቤተሰብ ስም የሚባል የለም፤ ሰው የራሱን፣ የአባቱንና የአያቱን ስም ይዞ ይኖራል፤ ሴት ልጅም ስታገባ የአባቷን ስም አትለውጥም። ስለዚህ ማንንም ሳንጠይቅ ከአንድ መታወቂያ ላይ ብቻ ሁለት ትውልድ አባቶችን እናገኛለን። የእናት ስም ግን በማንም ስም ውስጥ አይገባም። ሰባት ቤት ቆጥሮ የሚናገር ሽማግሌ እንኳ ብዙውን ጊዜ የሚቆጥረው ሰባት ወንዶችን ነው። በሒሳብ ከሄድን ግን አንድ ሰው 2 ወላጆች፣ 4 አያቶች፣ 8 ቅድመ አያቶች እያለው ወደ ላይ ሲወጣ ሰባተኛው ትውልድ ላይ 128 ሰዎች ይደርሳል፤ ከወላጆቹ ጀምሮ ያሉት ሁሉ ሲደመሩ 254 ይሆናሉ። አባቶቹን ስማችን ራሱ ይጠብቅልናል፤ እናቶቹን ካልጠየቅን ማንም አይጠብቅልንም። በመሆኑም የመጀመሪያው ጥያቄ ከእናት ወገን ይነሣ ብዬ አጥብቄ እመክራለሁ፤ በኋላ እንደሚታየው የገመዱ አሠራርም በዚሁ ሐሳብ ላይ የተመሠረተ ነው።

ስም መሰብሰብ

የአንዲት እናት ስም ከነአባታቸውና ከነአያታቸው ከታወቀ በአንድ ጊዜ ሦስት ትውልድ ተገኘ ማለት ነው። ስለዚህ «እናትዎ ማን ይባሉ ነበር?» ብሎ ማቆም አይበቃም፤ «የማን ልጅ ነበሩ? የአባታቸው አባትስ?» እያሉ መከተል፣ ከዚያም ወደ እናታቸው እናት መሻገር ይገባል። መልሱ ጥሪ ስም ብቻ ሆኖ እንዳይቀርም መጠንቀቅ ያስፈልጋል። እኛ ዕድሜ ልካችንን «እታለም» ስንላቸው የኖርናቸው አያታችን እውነተኛ ስማቸው ሌላ መሆኑን ያወቅነው ይህንን ሥራ ስንጀምር ነበር፤ ከልጅ ልጆቹ አንዱም አያውቀውም ነበር። እንደዚሁም አንዳንድ አባቶች በማዕረጋቸው፣ አንዳንዶቹም በፈረስ ስማቸው ብቻ ይታወሳሉ፤ የክርስትና ስም የተለየ የሆነባቸውም ብዙዎች ናቸው። ሰው ሁሉ የሚጠራቸውን ስም በትልቁ፣ ሌሎቹን ከሥሩ በትንሹ መጻፍ ከክርክር ያድናል።

ለጥያቄ ከቡና ሰዓት የተሻለ ጊዜ የለም። አቦሉ ላይ ጠያቂው ዝም ብሎ ይጫወት፤ ጨዋታው የሚሞቀው ቶናው ላይ ነው። እኔ አንድ ሰው ብቻውን ከመጠየቅ ሁለት እኩያ ዘመዳሞችን አንድ ላይ ማስቀመጥን እመርጣለሁ፤ አንዱ የረሳውን ሌላው ያነሣል፣ ሲከራከሩም ብዙውን ጊዜ ስለ ሁለት የተለያዩ ሰዎች እየተናገሩ መሆናቸው ይገለጣል። በስልክ ድምፅ መቅዳት የሚቻለው አስፈቅዶ ነው። በደብተር የሚጻፈው ደግሞ ለእያንዳንዱ ባልና ሚስት አንድ ሙሉ ገጽ ተሰጥቶ ሊሆን ይገባል፤ የስም ብዛት በአንድ ገጽ ላይ ከተጠጋጋ በኋላ ላይ የማን ልጅ የማን እንደሆነ መለየት ያስቸግራል። ሀዋሳ የብዙ ብሔረሰብ ከተማ እንደመሆኗ አራቱ አያቶች ከአራት አካባቢ የመጡበት ቤተሰብ ብርቅ አይደለም፤ አንደኛው ወገን በሲዳምኛ ወይም በወላይትኛ የሚጫወት ከሆነ ቋንቋውን የሚያውቅ የቤተሰብ አባል አብሮ እንዲቀመጥ ያድርጉ፤ ስሙንም እንደ ባለቤቱ አጠራር እንጂ አማርኛ እንዳመቸው አይጻፉ። ለአዲስ ዓመት፣ ለገና ወይም ለፍቼ ጨምበላላ ዘመድ የሚሰበሰብበት ቀን ከተገኘ የአንድ ወር ሥራ በአንድ ከሰዓት በኋላ ያልቃል።

ዓመተ ምሕረት መጠየቅ ሽማግሌን ማስጨነቅ ነው። የልደት ምዝገባ በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ ስለሆነ አብዛኛው አረጋዊ የተጻፈ የልደት ቀን የለውም። ቀኑን በቀጥታ ከመጠየቅ ይልቅ ሰው ሁሉ የሚያስታውሰውን ነገር መያዣ ማድረግ ይቻላል፦ ጣሊያን የገባበት 1928፣ ንጉሡ ከስደት የተመለሱበት 1933፣ የታኅሣሥ ግርግር 1953፣ የገጠር መሬት የታወጀበት 1967፣ ድርቁ የበረታበት 1977፣ መንግሥት የተለወጠበት 1983። ከዚያም «ያኔ ገና ይታዘሉ ነበር ወይስ ከብት ይጠብቁ ነበር?» ብሎ መጠየቅ ነው። በ1967 ከብት ይጠብቁ የነበሩ ሰው በ1958 ገደማ ተወልደዋል ብሎ መጻፍ ይቻላል፤ «ገደማ» የምትለዋ ቃል ግን ፈጽሞ መዘለል የለባትም። ውጭ አገር ካሉ ዘመዶች የሚመጣ ቀን በፈረንጅ አቆጣጠር መሆኑን አስቀድሞ ማጣራት ያስፈልጋል። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ማለቂያ አካባቢ ልዩነቱ 7 ዓመት፣ ከዚያ በኋላ እስከ ጳጉሜን 8 ዓመት ነው፤ በ1997 በፈረንጅ ጥቅምት የተወለደ ልጅና በ1998 በፈረንጅ የካቲት የተወለደ ልጅ ሁለቱም የ1990 ዓ.ም. ልጆች ናቸው።

በየቤቱ በቀላሉ የማይነሣ ነገርም አለ። በጉዲፈቻ ያደገ ልጅ፣ የእንጀራ ልጅ፣ በሕፃንነቱ ያረፈ ልጅ፣ የፈረሰ ትዳር ሁሉም ይመጣሉ። የእኔ ደንብ ቀላል ነው፤ በቤቱ ልጅ ተብሎ ያደገ ሁሉ ያለ ምንም መለያ ቅጠል ይሰጠዋል፤ አንዲት እናት በሕፃንነቱ ያረፈ ልጃቸው እንዲጻፍላቸው ከፈለጉ ይጻፍላቸዋል፤ በሕይወት ያለን ሰው የሚያሳፍር ነገር ግን እውነት ቢሆንም ግድግዳ ላይ አይወጣም።

የግንዱ ልክ፦ ጫፎችን መቁጠር

ቋንቋችን ለዘር ቆጠራ የመረጠው ቃል ሐረግ ነው፤ ሐረግ ደግሞ የሚሳብና የሚጠመዘዝ ተክል ነው፤ በብራና መጻሕፍት ገጽ ራስ ላይ የሚሳለውም ጌጥ ሐረግ ይባላል። ስለዚህ እዚህ የሚሠራው ዛፍ ቅርንጫፍ የሚቀጠልበት ሳይሆን አንዱ ገመድ ከሥር እስከ ጫፍ ሳይቆረጥ የሚሄድበት ነው። ይህ እንዲሆን ቀድሞ ጫፎቹ መቆጠር አለባቸው። ጫፍ ማለት ከእርሱ በላይ ገና ልጅ ያልተጻፈለት ሰው ነው።

በእኛ ቤት ሒሳቡ እንዲህ ሆነ። የመጀመሪያዋ ልጅ 4 ልጆች አሏት፣ ሁለተኛው 3፣ ሦስተኛዋ 6፤ አራተኛው ልጅ የለውም፤ አምስተኛዋ 2 አሏት። ልጅ የሌለው ራሱ አንድ ጫፍ ስለሆነ 4 እና 3 እና 6 እና 1 እና 2 ተደምሮ 16 ገመድ ያስፈልጋል ማለት ነው። 16ቱ ገመድ አንድ ላይ ሲታሰር ግንድ ይሆናል፤ ከግንዱ በላይ በ4፣ በ3፣ በ6፣ በ1 እና በ2 ተከፍሎ አምስት ቅርንጫፍ ያወጣል፤ እያንዳንዱ ቅርንጫፍም ወደ ነጠላ ገመድ ይበተናል። ልጅ የበዛለት ቅርንጫፍ ማንም ሳያስበው እየወፈረ ይታያል።

ከግንዱ በታች ደግሞ እነዚያው 16 ገመዶች በሁለት እኩል ይከፈላሉ፤ 8ቱ ወደ ወንድ አያት፣ 8ቱ ወደ ሴት አያት ወገን ይሄዳሉ። እያንዳንዱ ስምንት ለአባትና ለእናት አራት አራት፣ እነርሱም እንደገና ሁለት ሁለት ይሆናሉ። በዚህ አከፋፈል የእናት ሥር ከአባት ሥር በአንዲት ክር አይቀጥንም። የጫፎቹ ቁጥር ለሁለት የማይከፈል ከሆነ አንድ ተጨማሪ ገመድ ከግንዱ ውስጥ አስገብቶ ጫፉን ከጀርባ መደበቅ ይበቃል።

ሰሌዳው 1 ሜትር በ1 ሜትር ከ20 ከሆነ 25 ሳንቲ ሜትር ለሥር፣ 20 ለግንድ፣ 45 ለቅርንጫፍ ይመደባል፤ ቀሪው 10 ከላይና ከታች ባዶ ይተዋል። ገመዱ ስለሚጠማዘዝና ጫፉ ላይ ትርፍ ስለሚያስፈልገው እያንዳንዱ 1 ሜትር ከ50 ይሁን፤ ለ16 ገመድ 24 ሜትር ማለት ነው።

ቃጫው

የእንሰት ቃጫ ቆጮ ለማዘጋጀት እንሰቱ ሲፋቅ የሚቀረው ጭረት ነው፤ ሲደርቅ ነጣ ብሎ ያብረቀርቃል፣ በቀላሉም አይበጠስም። በሲዳማ ገጠር ብዙ ስለሚገኝ ወደ ሀዋሳ ገበያ በእስር ይመጣል። የተገመደ ገመድ ገዝቶ መሥራት ይቻላል፤ ጊዜ ያለው ሰው ግን ራሱ ቢገምደው ውፍረቱን እንደፈለገ ያደርገዋል፣ ልጆችም ከሥራው ሁሉ ይህንን ይወዳሉ።

አገማመዱ እንዲህ ነው። ቃጫውን በሰፊ ጥርስ ማበጠሪያ አበጥረው የተቋጠረውን ያስወግዱ፤ በእጅዎ ውሃ እየነኩ ጥቂት ያርጥቡት። ከዚያ ሁለት እኩል ቀጫጭን ጭብጥ ይያዙ፤ አንድ ጫፋቸውን አብረው ቋጥረው ረዳትዎ ይያዝልዎ። ሁለቱንም ጭብጦች ጎን ለጎን ጭንዎ ላይ አድርገው በመዳፍዎ ወደ ፊት ሲያንከባልሉ እያንዳንዱ ለየብቻው ይከርራል፤ ሳይለቁ አንድ ላይ ገጥመው ወደ ኋላ ሲያንከባልሉት ደግሞ እርስ በእርስ ይጠመጠማሉ። ሁለቱ ክሮች ወደ አንድ አቅጣጫ ከርረው አንድ ላይ ሲገመዱ ግን በተቃራኒው ስለሚዞሩ አንዱ ሊፈታ ሲል ሌላውን ያጠብቀዋል፤ ገመዱ ተለቅቆ እንኳ የማይበተነው በዚህ ምክንያት ነው። ቃጫው ሲያጥር አዲስ ጭረት እየጨመሩ መቀጠል ይቻላል፤ የሁለቱ ጭብጥ ጭማሪ ግን አንድ ቦታ ላይ እንዳይገጣጠም ያድርጉ፤ ያ ቦታ ይሳሳል። የእርሳስ ያህል ከወፈረ በቂ ነው። ገመዱ ሲያልቅ ተወጥሮ ጥላ ውስጥ ይድረቅ፤ ፀሐይ ላይ የደረቀው ይንጨፈረራል።

ሰሌዳው

ቺፕውድ ጠንካራ ነው፤ ነገር ግን ይከብዳል፣ በመርፌም አይወጋም። እኔ ከዕቃ መያዣ ካርቶን የተሠራ ሰሌዳ እመርጣለሁ። ሦስት ንብብር ካርቶን በነጭ የእንጨት ኮላ ይጣበቃል፤ የመካከለኛው ካርቶን ውስጣዊ መስመር ከሌሎቹ ጋር መስቀለኛ እንዲሆን ማድረግ የግድ ነው፤ ሦስቱም ወደ አንድ አቅጣጫ ከሄዱ ሰሌዳው በሳምንቱ ይቆለመማል። ኮላው በጥቂት ውሃ ቀጥኖ በብሩሽ ይቀባ፣ ከላይ ከባድ ነገር ተጭኖበት ይደር። በማግስቱ አቡጀዲ ተወጥሮ ይለብሳል፤ ጠርዙ ከጀርባ በአምስት ሳንቲ ሜትር ተመልሶ ይጣበቃል።

ማሰርና መስፋት

16ቱን ገመዶች መሬት ላይ አስተካክለው ከዘረጉ በኋላ የግንዱን የታችና የላይ ወሰን በሲባጎ ጠበቅ አድርገው ይሰሩ። ለብረት ማሰሪያ ከሚሸጠው ለስላሳ ሽቦ አንድ አንድ ዘንግ በየቅርንጫፉ መሐል ቢገባ ቅርንጫፉ የተሰጠውን ቅርጽ ይይዛል። ግንዱን በጥቂቱ ጠምዝዘው ሰሌዳው ላይ ካስቀመጡት በኋላ ቅርንጫፎቹን ከትልቁ ልጅ ጀምሮ በቅደም ተከተል ይበትኑ፤ ቦታቸውን በእርሳስ ምልክት ያድርጉ።

ገመዱ በኮላ አይጣበቅም። በወስፌ ሰሌዳውን በየአሥር ሳንቲ ሜትሩ ከገመዱ ግራና ቀኝ እየወጉ በጠንካራ ክር አሳልፈው ከጀርባ ይቋጥሩት። ይህን የምልበት ምክንያት አለኝ። የመጀመሪያውን ሥራችንን ሁሉንም ነገር በማስቲሽ ነበር ያጣበቅነው፤ የአያታችንን ብቸኛ ፎቶም እንደዚያው። ጥቂት ወራት እንዳለፉ ከፎቶው ጀርባ ቡናማ ነገር ፈልቆ ግንባራቸውን ሸፈነው፤ ለማንሣት ስንሞክር ደግሞ የጉንጫቸው ግማሽ ሰሌዳው ላይ ቀረ። ፎቶ የሚያስፈልግ ከሆነ ፎቶ ቤት ሄዶ ማባዛትና ቅጂውን መጠቀም ነው፤ ዋናው ከአልበሙ አይወጣም።

እያንዳንዱ ነጠላ ገመድ ጫፉ ላይ 25 ሳንቲ ሜትር ያህል ይተርፈዋል። ይህ ትርፍ አይቆረጥም፤ በእርሳስ ላይ ተጠቅልሎ፣ ጥቂት ውሃ ተነክቶ ሲደርቅ እንደ ሐረግ ጫፍ ጥምዝ ሆኖ ይቀራል። ጌጥ ይመስላል፤ ሥራው ግን ወደፊት ነው።

ቅጠሎቹ

ለቅጠል የሚሆነው ምርጥ ወረቀት በየቤቱ መሳቢያ የተከማቸው የሠርግ መጥሪያ ካርድ ነው፤ ወፍራም ነው፣ ብዙውን ጊዜም ጀርባው ባዶ ነው። ቅርጹን ከዋርካ ቅጠል እንዲወስዱ እመክራለሁ፤ በሐይቁ ዳር የወደቀ አንድ ቅጠል አንሥቶ ካርቶን ላይ ማዞር ይበቃል። የግዕዝ ፊደል ወርዱ ሰፊ ስለሆነ ቀጭን ቅጠል ስም አይችልም፤ 7 ሳንቲ ሜትር በ5 የሆነ ክብ ቢጤ ቅጠል ግን ሁለት መስመር በደንብ ይይዛል።

የሚጻፈው ስም እንደ ቦታው ይለያያል። ቅርንጫፍ ላይ ያለ ሰው የራሱ ስም ብቻ ይበቃዋል፤ የአባቱን ወይም የእናቱን ስም ገመዱ ራሱ ይናገራል። ሥር ላይ ያሉት ግን እስከ አያታቸው ይጻፋሉ፤ ከእነርሱ በታች ሌላ ቅጠል ስለሌለ ተጨማሪውን ሁለት ትውልድ የሚይዘው ስማቸው ነው። በጋብቻ የመጡት ባል ወይም ሚስት የራሳቸው ቅጠል ተሰጥቷቸው ከትዳር አጋራቸው ቅጠል ጋር በቀይ ወይም በአረንጓዴ አለላ ይታሰራሉ፤ በእነርሱ ቅጠል ላይም የአባታቸው ስም ይግባ፤ ሌላ ሐረግ ከዚያ እንደሚጀምር ያሳያል።

ተራ እስክርቢቶና ማርከር ብርሃን ሲያገኛቸው ከዓመታት በኋላ ይደበዝዛሉ፤ እርሳስ ግን አይደበዝዝም። ስለዚህ ከፊት በጥቁር ቀለም ቢጻፍም ያው ስም ከጀርባ በእርሳስ ይደገም፤ የልደት ዘመንና የትውልድ ቦታም እዚያው ይግባ። ያረፉትን በቀለም መለየት ያሰበ ሰው ሁለት ጊዜ ያስብ። እኛ ላረፉት ቡናማ፣ በሕይወት ላሉት አረንጓዴ ካርድ ስንቆርጥ አንዲት አክስቴ መጥተው ቡናማውን ክምር ትክ ብለው አዩና «ይኼኛው የእኔ ተራ መጠበቂያ ነው?» አሉ። ከዚያ በኋላ ሁሉንም አንድ ዓይነት አደረግነው።

በእኛ ቤት የተሰቀሉት ቅጠሎች 38 ናቸው፤ 2 ለግንዱ፣ 12 ለሥሮቹ፣ 5 ለልጆቹ፣ 15 ለልጅ ልጆቹ፣ 4 በጋብቻ ለመጡት። የተቆረጡት ግን 60 ነበሩ፤ ሲጻፍ መሳሳት አይቀርም። ቅጠሉ በአንድ ጫፉ ተበስቶ በክር ከገመዱ ላይ ይቋጠራል፤ አቋጣጠሩ በአንድ ስበት የሚፈታ መሆን አለበት። ከመሰቀሉ በፊት ሁሉም ቅጠል መጀመሪያ ስሙን ለነገረን ሰው ይነበብለት፤ እኛ በዚህ ንባብ ብቻ አራት ስሕተት አግኝተናል፤ ከአራቱ ሦስቱ የእናቶች ስም ነበሩ።

አሰቃቀልና ጭማሪ

ከሰሌዳው ጀርባ ሁለት ቦታ ሽቦ ተስቦ በሁለት ሚስማር ላይ ይንጠልጠል፤ በአንድ ሚስማር የተሰቀለ ሰፊ ካርቶን ጊዜ ሲቆይ ይጎብጣል። በቀጥታ ፀሐይ የሚያገኘው ግድግዳና ከሰል የሚነድበት አጠገብ አይሆንም፤ ቃጫ ጭስ ይጠጣል።

ከጀርባው አንድ ፖስታ ይጣበቅ፤ ባዶ ቅጠሎች፣ ትርፍ ገመድ፣ አንድ እርሳስ፣ እንዲሁም የደብተሩ ገጾች ቅጂ እዚያ ይቀመጣሉ። ከልጅ ልጆቹ አንዷ ስትወልድ ጫፏ ላይ የተጠቀለለው ጥምዝ በጥቂት ውሃ ረጥቦ ይዘረጋና የሕፃኑ ቅጠል እዚያ ይታሰራል፤ ሁለተኛ ልጅ ሲመጣ ከፖስታው አንድ አጭር ገመድ ተወስዶ ከእናቲቱ ቅጠል ሥር ይጨመራል። ባለፈው ጥር አንዱ ጥምዝ ተፈትቷል፤ የሕፃኗ ስም ገና ስላልወጣ ቅጠሉ ባዶውን ተንጠልጥሎ ክርስትናዋን ይጠብቃል።